የተዘለለው አዋጅ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ በህንድ አገር ለምትገኚው ለልጄ ለወንጌላዊት፤

በመንገድ ብትርቂም ከጸሎቴ ያልራቅሽው ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ይህን ሁሉ ዘመን ቆሞ ሲያስቀድስ ኖሮ ዛሬ ቢያጉረመርም አልፈርድበትም። እናትሽ ሸዋዬ ደህና ናት። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ስታርፍ፣ እሑድ እሑድ ከግሽ አባይ ሰፈር ድረስ እየመጣች ትጠይቀኛለች። ይህንንም ወረቀት በስልኳ አንስታ የምትልክልሽ እሷ ናት። ኔትወርክ ካለ ዛሬ፣ ከሌለም እግዜር በፈቀደ ቀን ይደርስሻል።

ስለ ትምህርትሽ የነገረችኝ ግን አላስደሰተኝም። «ለዶክትሬት የምታጠናው የቡድሃን ሃይማኖት ያስፋፋ የጥንት ንጉሥ ነው» አለችኝ። አባትሽ የአጎቴ ልጅ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሞት «ፊደል ያስቆጠርሃት አንተ ነህ፤ አደራ» ብሎኝ ነው የሞተው። ዳዊት ያስደገምሁሽም እኔ ነኝ። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልጠይቅሽ፤ ማተብሽ አንገትሽ ላይ አለ? ካለ፣ ስለ ንጉሡ ለአንድ የሐይቅ ዳር መሪጌታ በሚገባው ልክ ጻፊልኝ። የማላውቀውን ሰው መርገም አልወድም።

የደብራችን ቆርቆሮ ዝጎ አልቋል። ዝናቡ በመቅደሱ ግድግዳ እየወረደ የእመቤታችንን ሥዕል እስከ ትከሻዋ አጥቦታል። አቶ አምሐ፣ ያ ከሐይቁ ዳር ሎጅ የሚሠራው ባለጸጋ፣ ጣሪያውንም ሥዕሉንም አሠራለሁ ካለ ዓመት አለፈው። ካቻምና ለእኔም ባለ ወርቅ ዘርፍ ካባ አልብሶኛል። ትንሽ ይሞቃል። ቃሉን እስኪፈጽም ክረምቱ ስለማይጠብቀን፣ እዚያ ካሉ የአገር ልጆች ጋር ተነጋግራችሁ ለቆርቆሮ የሚሆን ብትልኩ መልካም ነው።

የጣናን ውኃ ያለ ግድብ ያቆመ ጌታ አንቺንም ያቁምሽ።

መሪጌታ ገብረ ሕይወት


ቡባኔሽዋር፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ ለየኔታ፤

የሚያጉረመርመውን ጉልበትዎን እየሳምኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ማተቤ አለ። የዚህ አገር ላብ እያበሰበሰው ሦስት ጊዜ ቀይሬዋለሁ እንጂ አልበጠስኩትም።

ንጉሡ አሾካ ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ሁለት መቶ ስልሳ ዓመት ግድም ህንድን ከሞላ ጎደል የገዛ ነው። እኔ የምኖርበት ምድር ያኔ ካሊንጋ ይባል ነበር፤ አልገብርም አለ። አሾካም ዘመተበት። ራሱ በአለት ላይ ባስቀረጸው ቃል፣ መቶ ሺህ ሰው ተገደለ፣ መቶ ሃምሳ ሺህ ተማርኮ ተጋዘ፣ የዚያ ስንት እጥፍ ደግሞ አለቀ። ከዚያ በኋላ ተጸጸተ። ያስቡት የኔታ፤ ድል ያደረገ ንጉሥ «አዘንኩ» ብሎ በአለት ላይ ሲያስጽፍ!

የቡድሃ ተከታዮች እስከዚያ ድረስ እየዞሩ ለምነው የሚበሉ መነኮሳት ነበሩ፤ እንደ ቆሎ ተማሪ ይቁጠሯቸው። እንደነሱ ያሉ ማኅበሮችም ብዙ ነበሩ። አሾካ እጁን ሲዘረጋላቸው ነው ነገሩ የተለወጠው። መታሰቢያ ጉልላቶች አሠራላቸው። በየመንገዱ ዳር ዛፍ ተከለ፣ ጉድጓድ አስቆፈረ። መልእክተኞቹን እስከ ሶርያና እስከ ግብፅ ነገሥታት ሰደደ፤ የእኛ ዓባይ ወርዶ እስከሚደርስበት ማለት ነው። ልጁ ማሂንዳ ባሕር ተሻግሮ ስሪላንካን አስተማረ፣ እህቱም ቡድሃ ከሥሩ የተቀመጠበትን ዛፍ ቅርንጫፍ ይዛ ተከተለችው ይባላል። አዋጆቹንም ያስጻፈው ሊቃውንት በሚኮሩበት ቋንቋ ሳይሆን ገበሬው በሚናገረው ነው።

እንግዲህ የእኔ ክርክር ይህ ነው፤ ያ ንጉሥ ባይኖር ያ ሃይማኖት ከተወለደበት ቀበሌ ርቆ ላይሄድ ይችል ነበር። የጣናን አድባራትስ የደገፉት ነገሥታት ሁሉ እጃቸው ንጹሕ ነበር? ስጦታን በሰጪው እጅ ከመረመርነው ሥዕሉ ታጥቦ ያልቃል። የአቶ አምሐን ስጦታ ይቀበሉት። እዚህ ያለነው ተማሪዎች ነን፤ ለቆርቆሮ የሚበቃ አናዋጣም። ስለ አቶ አምሐ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ዘወትር በጸሎትዎ ያስቡኝ።

ልጅዎ ወንጌላዊት


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወንጌላዊት፤

የልደትን ጾም እንደምን ይዘሽዋል? በህንድ ቅመም ጾም ይከብድ ይሆን ይቀል አላውቅም። ኔትወርኩ ከአንድ ወር በላይ ጠፍቶ ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰ። ሸዋዬን ሁለት ጊዜ አስነበብኋት። ማተብሽ በመበስበሱ ደስ ብሎኛል፤ አንገት ላይ ያለ ነው የሚበሰብሰው።

ንጉሥሽ ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። የሚጸጸት ሹም አይቼ አላውቅማ!

አሁን ደግሞ የእኛን ንጉሥ ልንገርሽ። አምሐ ጣሪያውን ጀመረ። ቆርቆሮው ሲያበራ በታንኳ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ያየዋል። ሥዕሉን ሠዓሊ መልካሙ እያደሰው ነው። ልማዱን ታውቂዋለሽ፤ ሥዕል ያሠራ ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር ትንሽ ሆኖ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ይሣላል። ከጎኑም በክርስትና ስሙ፣ በግዕዝ፣ «ዘከመ ተማኅፀነ ገብርኪ እገሌ» ይባላል፤ ባሪያሽ እገሌ እንዲህ ተማጸነ እንደማለት ነው። ጽሕፈቱ የእኔ ሥራ ነው። አምሐ ግን መደፋቱን አልወደደውም። «ቆሜ ልሣል» አለ። «ገብረ መስቀል በሚለው የክርስትና ስሜ ማን ያውቀኛል? አምሐ ተብሎ፣ ከነአባቴ፣ ከነሎጁ ስም ይጻፍልኝ» አለ። «እመቤታችን አልጋ ልታከራይ ነው እንዴ?» አልሁት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ግን የምሩን ነው።

ሎጁ ያረፈበት መሬት የስድስት ቤተሰብ ነበር። የሸጊቱ ጌሾና ማንጎ፣ የአዘዘ ማሳ፣ የሌሎችም አራት ቤቶች። ሁሉም ወረቀት ላይ ጣታቸውን አሳርፈዋል፤ ምን ላይ እንዳሳረፉ ግን አላወቁም ነበር። አዘዘ ዛሬ ቆጋ በመስኖው እርሻ የሰው ድንች ይቆፍራል። ሸጊቱ መበለቲቱ እዚሁ ቀርታ የደብሩን ግቢ ትጠርጋለች። በየማለዳው የገዛ ማንጎዋን በአጥር ሽቦ ውስጥ እያየች ነው የምታልፈው። ስለ ወረቀቱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ንጉሥሽ የተጋዙትን መለሳቸው? መሬታቸውን ሰጣቸው? «አዘንሁ» ያለውስ ለማን ነው? የቆርቆሮውን ነገር ተዪው፣ ብር አልፈልግም። የንጉሡን ቃል ላኪልኝ። ደግሞ «ስለ አቶ አምሐ ከዚህ በላይ አልጽፍም» ማለት ምን ማለት ነው? አንቺ ቃል አጥሮሽ የሚያውቀው መቼ ነው?

መልስ የማይነፍግ አምላክ መልስሽን ያፍጥንልኝ።

ገብረ ሕይወት


ቡባኔሽዋር፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

በዐቢይ ጾም መካከል የሚደርስዎት የጥፋተኛ ደብዳቤ ነውና በትዕግሥት ያንብቡት። ሁለት ወር ዝም ያልኩት ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ብል ውሸት ነው። እዚህ ሁልጊዜ አለ።

ጥያቄዎን ይዤ ዳውሊ ወደሚባለው ኮረብታ ሄድኩ። በአውቶቡስ ቅርብ ነው። አለቱ ራስ ላይ የዝሆን ግማሽ አካል ተጠርቦ ወጥቷል፤ ከሥሩ የአሾካ አዋጆች ተቀርጸዋል። ከታች ዳያ የሚባል ወንዝ ይፈስሳል፤ ጦርነቱ እዚያ ነበር ይላሉ። በሌሎች አገሮች ባሉ አለቶች ላይ ዋነኞቹ አዋጆች አሥራ አራት ናቸው፤ ያ «አዘንኩ» ያለበት አሥራ ሦስተኛው ነው። ዳውሊ ላይ ግን አሥራ ሦስተኛው የለም። ተዘልሏል።

ገባዎት የኔታ? ንጉሡ ጸጸቱን ለሩቁ ሁሉ ነገረ። ለበደላቸው ለካሊንጋ ሰዎች ግን፣ በገዛ ምድራቸው ላይ፣ አልነገራቸውም። በምትኩ «ሰው ሁሉ ልጄ ነው» የሚል መልካም ቃል አስጻፈላቸው፤ ሹማምንቱንም ያለ ፍርድ ሰው እንዳያስሩ አዘዘ። የተጋዙትን ስለመመለስ ግን፣ ባነበብኩት ሁሉ፣ አንድ ቃል የለም። ሊቃውንቱ ቁስል ላለመነካካት ብሎ ይሆናል ይላሉ። ቁስሉ የማን ነው? ለማን ነው የራራው? አሁንስ ጠበቃው መሆን ሰልችቶኛል።

መዘለሉን በመጽሐፍ አስቀድሜ አውቀው ነበር። ያልጻፍኩልዎት ክርክሬን ስለሚያፈርስብኝ ነው።

እኔም የዘለልኩት አለ። ዓምና ስመጣ የአውሮፕላን ትኬቴን የቆረጠልኝ አቶ አምሐ ነው። እናቴ ሄዳ ለምናው። ያኔ የሸጊቱን ጌሾ እየነቀሉ ሲያጥሩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንዴት እንዳገኘው ግን አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ትኬቱን መመለስ ሊኖርብኝ ነዋ። ስጦታውን ይቀበሉ ያልኩዎት እኔ ስለተቀበልኩ ነው። ይኸው ነው፤ አፍሬያለሁ።

ወንጌላዊት


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንጌላዊት፤

የዛሬው ሰላምታ አጭር ነው፤ ጤና ይስጥሽ።

ሦስት ቀን ተቆጣሁ፤ በአንቺም በእናትሽም። ሸዋዬ መጥታ ደጄ ላይ ስትቆም ግቢ አላልኋትም። በአራተኛው ቀን ግን ቁጣው ዞሮ ወደ ባለቤቱ መጣ።

ያንን ወረቀት ለስድስቱ ቤተሰቦች ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ።

በ2015 ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል፣ ከቅዳሴ በኋላ አምሐ ወረቀት ይዞ ደጀ ሰላሙ ድረስ መጣ። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው «ለቤተ ክርስቲያኑ እድሳት የነዋሪዎች ስምምነት» ይላል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው። ልገልጥ ስል «እሱ የስም ዝርዝር ነው፣ አይድከሙ የኔታ» አለኝ። አልደከምሁም። ስንት ብራና ስገልጥ የኖርሁ ሰው አንዲት ቅጠል ከበደችኝ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ፣ ይሉሻል እኔን ነው። ሸጊቱ «የኔታ ካነበቡት ይበቃኛል» ብላ ጣቷን ቀለም ነከረች። ካባው የመጣው በሳምንቱ ነው። የመሬቱ ነገር ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር።

ትናንት ሸጊቱ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋት። መጥረጊያዋን እንኳ አላስቀመጠችም። «እኔስ አውቄው ነበር የኔታ፤ እርስዎ መቼ ይነግሩኝ እያልሁ ነው» አለችኝ።

አሁን ስሚኝ። መልካሙ ከሥዕሉ ሥር ለጽሑፍ ሁለት ክንድ ቦታ ትቶልኛል። አምሐ ስሜን ጻፍ ብሎኛል፤ እጽፍለታለሁ! ንጉሥሽ የዘለለውን ግን አልዘልም። በግዕዝም አልጽፈውም። ሸጊቱ በምትሰማው አማርኛ፣ በበደልናት ምድር ላይ፣ የእሱንም የእኔንም እጽፋለሁ። የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ቢያባርረኝ ከሾላው ሥር አስተምራለሁ፤ ቅኔ ጣሪያ አይፈልግም።

ገብረ ሕይወት


ቡባኔሽዋር፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለየኔታ፤

እጅዎን ያጽናልኝ። የእኔንም ይጻፉት። በክርስትና ስሜ ወለተ ሥላሴ ብለው፣ ከነትኬቱ። ሰው አያውቀኝም ብለው እንዳይዘሉኝ፤ ሸጊቱ ታውቀኛለች። እናቴን ግን ይተዉልኝ፣ የለመነችው ለእኔ ነው። ግቢ ይበሏት።

እኔም እዚህ የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ቀይሬዋለሁ። ስለተዘለለው አዋጅ ነው የምጽፈው። አማካሪዬ «እንዲህ ያለ ታላቅ ንጉሥ ላይ ለስለስ በይ» አለኝ። ለስልሼ አይቼዋለሁ፤ በቃኝ።

የንጉሡን ቃል ላኪልኝ ብለውኝ ነበር። ዳውሊ ላይ ካስጻፈው አንዱን ልላክልዎ። አዋጁ በየበዓሉ ቀን ለሕዝብ እንዲነበብ ያዝዛል። የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን እንኳ ይነበብለት ይላል። ይህን ከእሱ ተቀብያለሁ፤ ሌላውን ራሱ ይወጣው።

ልጅዎ ወለተ ሥላሴ


ባሕር ዳር፣ ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወለተ ሥላሴ፤

እንኳን ለእመቤታችን በዓል በሰላም አደረሰሽ፤ ቢዘገይም ምርቃት አይሻግትም። ሸዋዬ ከጎኔ ተቀምጣ ቶሎ ጨርስ እያለችኝ ነው። ከገባች ወዲህ እንደሆነ አልወጣ ብላኛለች።

የሰኔ ማርያም ዕለት ሥዕሉ በመጋረጃ ተሸፍኖ ቆየ። አምሐ እንግዶቹን ይዞ ከፊት ቆመ። ከቅዳሴ በኋላ መጋረጃው ሲገለጥ፣ እመቤታችን እስከ እግሯ ድረስ ድናለች፤ የመልካሙ እጅ ይባረክ። አምሐም ከእግሯ ሥር አለ፣ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ክንድ የማይሞላ። መልካሙ «ቆሞ መሣል አልተማርሁም» ብሎታል አሉ። ጽሑፉን እኔው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት፤ በዚህ ጊዜስ ሁለቱንም ገጽ።

«እመቤታችን ሆይ፣ ገብረ መስቀል ይህን ጣሪያ አሠራ፤ የሸጊቱንና የአዘዘን፣ የአራት ቤተሰብም መሬት በወረቀት አታልሎ ወሰደ፤ ማሪው። ገብረ ሕይወት ያልገለጠውን ገጽ እንዳነበበ ሆነ፤ ማሪው። ወለተ ሥላሴ በዚህ ሰው ትኬት ሄደች፣ አይታም አልጠየቀችም፤ ማሪያት። መሬቱ እስኪመለስ ይህ ጸሎት አሜን አይባልበትም።»

ማንም አሜን አላለም። ዝናቡ አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ብቻ ይሰማል። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጣሪያ ነው፣ አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። አዘዘ ከቆጋ መጥቶ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ጭቃው ከእግሩ አልደረቀም። አምሐ «ይህ ሽማግሌ ጃጅቷል» ብሎ ወጣ። እንግዶቹ ግን ወዲያው አልተከተሉትም፤ ቆመው አነበቡት።

በማግሥቱ ሰበካ ጉባኤው ጽሑፉን በነጭ ቀለም አስቀባው። ለእኔም «የኔታ፣ ዕድሜዎ ገፍቷል፣ ይረፉ» አሉኝ። ካባውን አጥፌ የሎጁ አጥር ላይ፣ ከማንጎው ትይዩ፣ ሰቅዬው መጣሁ። ተማሪዎቼ ተከትለውኝ ከሾላው ሥር ነን። ዝናብ ሲመጣ እንጠለላለን፣ ሲያባራ ትምህርታችንን እንቀጽላለን። ደመወዜን አስቀርተውታል፤ ብር ላኪልኝ እንዳልሁሽ እንዳትቆጥሪው፣ ወሬ ስነግርሽ ነው።

ስለ ነጩ ቀለም ግን አትዘኚ። ሸጊቱ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ገና ሳልጽፈው፣ ቃል በቃል፣ እንደ ውዳሴ ማርያም ሦስት ቀን አስጠንቻታለሁ። ግቢውን ጠርጋ ስትጨርስ በየማለዳው ገብታ ከነጩ ግድግዳ ፊት ትቆምና ከዳር እስከ ዳር ትለዋለች። ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርጋት? ጸሎት ነው፤ ጸሎት አይከለከል።

ዛሬ ማለዳ እኔም እንደ ማንኛውም ምእመን ለኪዳን ሄጄ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። አምሐ ብቻውን ገባ። ቀለሙ በደንብ ሸፍኖት እንደሆነ ሊያይ ይመስለኛል፤ ከሸጊቱ ኋላ ቆመ። እሷ ግማሽ ላይ ደርሳለች። ዘወር ብላ አየችው፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችለት።

አባትሽ የኔታ ገብረ ሕይወት